መሪው ሲቀል

ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው በታች፣
ምድር ቤት ናት ሱቄ፣ ደረጃዋ ጠባብ፣ በሯም ዘንበል ያለች፤
ሦስት ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ ከቪትዝ የተነቀለ፣
መሪው ግን የላዳ ነው፤
ሶማሌ ተራ ከብረት ክምር ውስጥ ስመዘው
ሻጩ «ለምንሽ ነው?» ብሎኝ ነበር፣ «መኪናው የታለ?»

ከኋላ የሚያዞረው የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፣
የአይሱዙ፣ ስንት ክረምት መስታወት ሲጠርግ የኖረ፤
አሁን እኔ ዘንድ መጥቶ
ያልዘነበ ዝናብ፣ የሌለ ኮረኮንች
ለሰው እጅ ሊያወራ የተቀጠረ።

ልጆቹ ሲመጡ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ጉልበቱን ጨምሪው!»
እጨምራለሁ፤ መቶ በመቶ።
ክንዳቸውን ይዞ ይወዘውዛል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣
ልብስ ሰፊው ከላይ ወለሉን በእግሩ ይመታል።
«መኪና ማለት ይሄ ነው!» ይላሉ፣ ላብ አጥምቋቸው፤
እኔም አላርማቸው፤
የክንድ ሕመም ነው ነገ የሚመልሳቸው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት
ጋሽ ወንድይራድ ወረደ፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዳ፣
የዓይን ግፊት ቢጸናበት ፈቃዱን በገዛ እጁ የመለሰ።
የልጅ ልጁን ፍለጋ ነው። ኪሩቤል አልነበረም።
«ልቀመጥ?» አለኝ። እግሩ የደከመው መስሎኝ እምቢ አላልኩም።

አውራ ጣቱ በመሪው ዙሪያ አንዴ ሄዶ ተመለሰ።
«ላዳ» አለ፣
የድሮ ጎረቤት እንዳገኘ ሰው፣ ድምፁን እየቀነሰ።

ቸርችልን የሠራኋት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ክረምት፣ በኮምፒውተር፤
ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር።
ዛፎቿ ገና አልተተከሉም፣ መስኮቱ ሁሉ ቀለም ብቻ ነው።
እሱ ግድም አልሰጠው፤ ስክሪኑ ለዓይኑ ጉም ነው፣
የሚነዳው በእጁ ነው።

መቶ ሜትር ሳይሄድ፦ «ይጮኻል» አለ።
«ምኑ?»
«መሪሽ ነዋ! ጠጠር ሲያገኝ ይጮኻል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይጮኻል፣
ልሙጡ አስፋልት ላይም በዚያው ድምፅ ይጮኻል፤
ሲጮህ የሚውል መሪ
የእውነት አደጋ ሲመጣ በምን ይናገራል?
ዝቅ አድርጊው።»

ሰባ አደረግኩት። «ገና።»
ሃምሳ። «ገና ነው።»
ሠላሳ አምስት ላይ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘነበለ፣
«እ... አሁን ማውራት ጀመረ» አለ።

ዝናብ ለቀቅኩበት።
ቴዎድሮስ አደባባይን ሲዞር መሪው ቀለለ፣
እንደሚነቃነቅ ጥርስ።
ልጆቹ እዚህ ጋ ነው የሚደሰቱት፤ ሲቀልላቸው
መንዳት የቻሉ ይመስላቸዋል፣
ይጠመዝዙታል፣ አሁንም ይጠመዝዙታል፣
ግድግዳው እስኪቀበላቸው።

እሱ ግን እግሩን አነሳ። መሪውን አልጨመቀውም።
በትንሹ፣ የቁልፍ ዙር ያህል፣ መለሰው፤ ጠበቀ፤
ጎማው መንገዱን ነከሰ፣
ክብደቱ ተመልሶ መዳፉ ላይ ወደቀ።

«ሞት ከባድ ነው ይላሉ» አለ። «ውሸት። ሲመጣ ይቀላል።
ሰባ ዘጠኝ ሐምሌ፣ ጎማ ቁጠባ ጋ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ጭኜ...»
አልጨረሰውም።
የዝናብ መጥረጊያውን ማብሪያ በጣቱ ፈለገ።
መጥረጊያው መሪው ውስጥ ነው። አልነገርኩትም።

«እጄ አምኖሻል» አለ ቆይቶ፣ «ወገቤ ግን አላመነም፤
ቁልቁለት ስወርድ ወንበሩ አይገፋኝም፣
የፍሬን ሸራ ሽታ የለም፤
ግማሽ መኪና ነው።
ግማሹ ግን አይዋሽም።»

ጥቁር አንበሳ ጋ መብራት ጠፋ።
ሞተሩ ዝም። ከላይ የስፌት መኪናው ዝም።
በጨለማው እኔም እሱም እኩል ዓይን ኖረን።
በትንፋሹ አወቅኩ፤ አልቆመም።
ግራ፣ ጥቂት ቀኝ፣ ትንሽ ፍሬን፣
አንድ የሚሻገር ሰው አሳለፈ፣
«ለገሃር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
ከዚያ ቀኝ እጁ ወረደና የእጅ ፍሬን ፈለገ፤
አልገጠምኩም ነበር።
አየሩን ሳበ።

አርብ ጠዋት፣ ሶማሌ ተራ፤ ያው ክምር፣ ያው ሻጭ።
«መኪናውስ?» አለኝ።
የእጅ ፍሬኑን አንስቼ ሳብኩት፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።