ስምንተኛው ፕላስተር

በአሥራ አንደኛው ሌሊት፣ በኩርፊያችን መሐል፣
እኔ ሳሎን አለሁ፣ እሱ ጓዳ ገብቷል።
ውጭ ኤድመንተን ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ማሞቂያው ያጓራል እንደ ታመመ እንስሳ።

ከተጣላን ወዲህ ድስታችን ተለያይቷል፤
እኔ ምስሬን በልቼ ስነሣ እሱ ይገባል፤
ቱና ከፍቶ፣ ቆሞ፣ ከቆርቆሮው ይበላል።

ነገሩ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ብቻ አይደለም።
ለቤት ያስቀመጥነው ዛሬ ባንክ ውስጥ የለም፤
ለጭነት መኪና ቀብድ ከፍሎ መጣ፣
አንድ ቃል ሳይነግረኝ፣ ቁልፍ ይዞ፣ ከሥራ እንደ ወጣ።

እና በዚያ ሌሊት አንዲት አጭር ድምፅ ሰማሁ፤
"ውይ!" የምትል።
አልተጠራሁም፤ ግን ተነሣሁ።

አዝመራው ቆሟል፤ ስለታም ክዳኑ ወድቋል፤
የግራ አውራ ጣቱን በቀኙ ጨብጧል፤
በጣቶቹ መሐል ደሙ ቀስ ብሎ ይወርዳል።
"ምንም አይደል" አለኝ።
ጾማችን ተገደፈ፣
በሁለት ቃል ውሸት፣ ከከንፈሩ ባለፈ።

ጎትቼ ወሰድኩት፣ ቧንቧውን ከፈትኩኝ፤
ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና። "ያቃጥላል" አለኝ።
"ያቃጥል" አልኩት። ሰሙ ሳሙናው ነው፤
ወርቁን ራሱ አወቀው።

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጫን አድርጌ ያዝኩት፤
የምድጃውን ሰዓት እያየሁ አሥር ደቂቃ ቆጠርኩት።
ትር ትር ይላል ጣቱ፣ ከጨርቁ ሥር ሆኖ፣
እንደ ተዘጋበት ሰው፣ በር መትቶ፣ ለምኖ።
እጅ ለእጅ ይህን ያህል ከተያያዝን ስንት ጊዜ ሆነን?
አልጠየቅኩትም። አልጠየቀኝም።

ነጋ፤ ፋርማሲ ሄድኩ፣ አውቶቡስ ጠብቄ
(በዚያ መኪና ላልሄድ ምያለሁ አጥብቄ)።
ባለ መነጽሯ ልጅ አስረዳችኝ ቀስ ብላ፦
"አልኮሉ ይቅርብሽ፤ ደግ ሥጋም ይበላላ።
አይድረቅ፤ ትንሽ ቫዝሊን፤ በየቀኑ ይለወጥ፤
ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ ሐኪም ይየው፣ ሳያመረቅዝ ውስጥ ለውስጥ።"

እኔ የማውቀው ሌላ ነበር፤ ቁስል ነፋስ ይምታው ሲባል፣
ደርቆ፣ ቅርፊት ሠርቶ፣ ተሸፍኖ ይድናል ሲባል።
ቅርፊትና ኩርፊያ፣ አሁን ገና ሳስበው፣
ላያቸው ደረቅ ነው፤ ከሥር ያለውን ማን አየው?

በሁለተኛው ቀን "ይቅርታ" አላለኝም፤
"ሞተሩ ደህና ነው" አለ፤ አልመለስኩለትም።
በሦስተኛው ጠርዙ ሮዝ ሆነ።
ወጥ ቤቱን ጠርጎ፣ ፕላስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ።
በአራተኛው፣ ቫዝሊኑን ስቀባው፣
"አሥራ አራት ዓመት የሰው መኪና ነዳሁ" አለኝ።
"ብትነግረኝ ኖሮ..." አልኩ።
"ኖሮ" እዚያው ቀረች፤ ሁለታችንም ጣቱን አየን።
በአምስተኛው ያሳክከው ጀመር።
"አትከክ፤ የመዳኑ ነው።"
ስድስተኛውን አላስታውስም፤ ሥራ አምሽቼ ነበር መሰለኝ።
በሰባተኛው ሳቀ፤ በምን እንደሆነ ረሳሁት፤
ምስሬን ግን ለሁለት ሰው እንደ ሠራሁ አስተዋልኩት።

በስምንተኛው ምሽት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
ሳልጠይቀው እጁን ከመብራቱ ሥር ሰጠ።
ፕላስተሩን ላጥኩት።
ቁስል የለም።
ቀጭን ነጭ መስመር ናት፣ ከስፌት ክር የምታንስ፤
ብጫናት አላመመው፤ ፊቱ እንኳ ቅንጣት አላለም።

ቀና ብዬ አየሁት። ወደ መስኮቱ ዞረ።
ያውቃል።
ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲያውቅ ነበረ።

ከካርቶኑ ውስጥ አዲስ ፕላስተር አወጣሁ፤
ቫዝሊኑን በትንሽ ጣቴ ቀባሁ፤
እንደ መጀመሪያው ቀን፣ እንደሚደማ ጣት፣
ዙሪያውን ጠቀለልኩት፤ ሳልቸኩል፣ በዝግታ፣ በጥንቃት።

ውጭ፣ የጭነት መኪናው በረዶ ለብሶ ቆሟል።
አንድ ሰው መስኮቱን ጠርጎለታል።

"ነገም ይለወጣል" አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ፤
"ጠዋት በዚያ ቆርቆሮህ ሥራ ታደርሰኝ እንደሁ እንይ።"