ደንገል

ይታይሽ አንለይ ዛሬ ጡረታ ወጣች።
ከፕላስቲክ አበባው ኋላ፣ ከመድረኩ ጥግ ተቀመጠች፤
እጆቿን የት እንደምታኖር ጠፍቷታል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አገጭ ደግፈዋል።

የቢሮው ኃላፊ ወረቀት ያነባል፣
ማይኩ ያፏጫል፣ ማራገቢያው ያዛጋል፤
ሙያዋን ሊጠራ ሲደርስ ግን
"የንግ... የንግግግ..." አለና ተያዘ።
አዳራሹ ሳቀ።
እኛ የኋላ ወንበሮች አልሳቅንም።
በዚህ አንስቅም።

እኔ ምንይችል ነኝ።
ይችን አጭር ስም ለመጥራት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።
"ስምህ ማነው?" ሲባል "ም... ም... ም..." ስል፣
አንዱ ጨረሰልኝ፦ "ምንም የማይችል!"
ክፍሉ በሳቅ ሲናድ፣ እንደ ፔሊካን
ስሜን ከነሕይወቱ ዋጥሁት፤
ሌሊቱን ጉሮሮዬ ውስጥ ሲንፈራገጥ አደረ።
እናቴ በደወል ውሃ ቀድታ አጠጣችኝ፤
ደወሉ ድምፁን ለራሱ አስቀረ።

የይታይሽ ክፍል ከአንገት በላይ ሕክምናው ጀርባ ነበር፣
ፍቅሯ ግን ከአንገት በላይ አልነበር።
በመደብ ዝርዝሩ የሥራ ስሟ የለም፤
ደሞዟ "ልዩ ልዩ" በሚል ይመጣል፣ ሲመጣ።
ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሁለት በርጩማ፣
ከሐይቁ ዳር የለቀመችው አንድ ነጭ ላባ።
ላንቃዋ የተሰፋላት የአቸፈሯ ላቀች
"ፕ!" እያለች ላባውን ጠረጴዛው ላይ ስታበር ትውላለች።
በአራተኛው ወር "ፓፓያ" አለች፣ ጥርት ያለ "ፓፓያ"፤
እናቷ ነጠላዋን ሳትይዝ ሮጠች ወደ ገበያ፣
ሦስት ገዝታ መጣች። ዋርዱ ሁሉ በላ።

ለእኔ ላባም አልሰጠችኝ። ያከመችው እናቴን ነው፦
"አትጨርሺለት። ጠብቂ። ቃሉ የሱ ነው።
ታንኳ ዘገየ ተብሎ ወደብ ተነሥቶ አይሄድም።"
ዓርብ ዓርብ የአባይ መውጫ ድረስ ትወስደኛለች፦
"እየው፣ ከጣና ሲለይ ድምፅ የለውም፤
የሚያገሳው ጢስ እሳት ሲደርስ ነው።
ማን አጣደፈው?"

ዛሬ ወደቡ ላይ ትኬት እሸጣለሁ።
"ዘጌ! ዘጌ!" ስል የሚሰማኝ ብዙ ነው፤
አንዳንድ ቀን "መነሻ ሰዓት" ስል "መ" ላይ እቀራለሁ፤
ተሳፋሪው ይጠብቃል። ምን ያድርግ፣
ትኬቱ ያለው እኔ ጋ ነው።

አቶ ሙሄም መጥተዋል፣ ታንኳ ሠሪው፣ ልጃቸው ደግፏቸው።
ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ወሰደ፣ ቃላቸውን ጠርጎ ወሰደ፣
አንድ ብቻ ተወላቸው፦ ደንገል።
ሲጠማቸው፣ ደንገል።
ሲቆጡ፣ ደንገል።
አርባ ዓመት የኖሩዋት ሚስታቸው፣ ደንገል።
ሠፈሩ "አእምሯቸው ሄደ" አለ፤
ይታይሽ ግን ደብተር አወጣች።
የሚጎተት ደንገል፣ የሚቆረጥ ደንገል፣
ጣራ ጣራ እያዩ የሚሉት ደንገል፣
ዓይን ጨፍነው፣ ከትንፋሽ ጋር የሚለቁት ደንገል።
አሥራ አራት ቆጠረች።
ከዚያ ሚስትየዋን ጠርታ፣ በእርሳስ ያሰመረችበትን አሳይታ፦
"ይኸኛው" አለቻት "አንቺ ነሽ።"

አሁን ሰርተፍኬቱ ተሰጠ፤ ጋቢው ትከሻዋ ላይ ተደረበ።
"እስቲ ጥቂት ቃል!" አለ መድረክ መሪው።
ተነሣች። ማይኩን ያዘች።
ከንፈሯ ተከፈተ።
ምንም።
ውጭ ባጃጅ አለፈ። ሐይቁ ድንጋዩን ላሰ።
ምንም።
መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለ፣
"በጣም ደስ ብሏት ነው፣ እንግዲህ..." ሊል፣
"አትጨርስላት!"
ድምፁ የኔ ነበር። ሳልሰናከል።

እናም ጠበቅን።
ማሳጠር የለመደ አዳራሽ፣ ሰዓቱን የሚያይ አዳራሽ፣
ኃላፊው እንኳ ወረቀቱን አጥፎ፣ ጠበቅን።

ዓይኗ በረድፎቹ ላይ ተንሸራቶ
መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሽማግሌው ጋ ደረሰ።
"ደንገል" አለች።

የፊተኞቹ ተያዩ።
አቶ ሙሄ ግን በደህናዋ እጃቸው
ጉልበታቸውን ደጋግመው መቱ፤ የአንድ እጅ ጭብጨባ።
በደብተሯ የለም ይኸኛው።
አሥራ አምስተኛው ነው።