ጳጉሜን ስድስት

ሞጣ ማዘጋጃ ቤት፣ ከጓዳው መደርደሪያ፣
በግብር ደረሰኝና ባረጀ መጥረጊያ
መካከል ተጋድሞ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው
አንድ መዝገብ አገኘሁ፤ የጸሐፊው የእንዳላማው።

ሥራው ሌላ ነበር፤ ማኅተም መምታት፣ ግብር መጻፍ።
ይህን ማንም አላዘዘው። ሲመሽ ብቻ፣ በቀን ጫፍ፣
የከተማውን ወሬ እንደ ጠላ አጥልሎ
አንድ መስመር ያሰፍራል፣ "ዛሬ ምን ሆነ?" ብሎ።
ለያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ፤ ዓመቱ ይመላለሳል፤
የዘንድሮው ሚካኤል ካምናው ጎን ይቀመጣል።

ገለጥሁት።

ሚያዝያ አምስት፣ አቦ፦ "በቀትር ፀሐይ ጠፋች፤
ዶሮ ሁሉ ቆጥ ወጣ፣ ላምም ከመስክ ገባች።
ችሎት ተሰይሞ ነበር። ዳኛው ሰማይ አይተው
'መሽቷል፣ ነገ እንይ' አሉ፣ መዝገባቸውን አጥፈው።
በፍየል ስርቆት የቀረበው የሙጨ ልጅ አበጀ
ከጨለማው ጋር ሄደ፤ ክሱም በዚያው አረጀ።"

ኅዳር ሰባት፣ ሥላሴ፦ "ሎሪ መጣ፣ የመጀመሪያው።
መመለሻ ቤንዚን አጣ፤ ሦስት ወር ቆመ እዚያው።
የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዶሮ፣ ከሾፌሩ ወንበር፣
አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች።" በቀይ፦ "አንዱ አውራ ነበር።"

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፦ "በረዶው የድንች ያህላል፤
ቆርቆሯችን ወንፊት ሆነ። ግብር ከፋዩ ይስቃል።"

የካቲት ሦስት፣ በዓታ፦ "ይርዳው ከመተማ መጣ፤
ለራሱ ተዝካር ደረሰ። 'ማን ሞቶ ነው?' ብሎ ጠጣ።"

እየሳቅሁ ገለበጥሁ፣ ቅጠል ካንዱ ወዳንዱ፤
ጉድ ያጣ ቀን የለም፤ ይለያያል እንጂ ጉዱ።
ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንድም ገጽ ባዶ የለም።
ጳጉሜን ስድስት ላይ ደረስሁ፤ እጁ ያው ነው፣ ሌላ ቀለም።

"የዝብነሽ አረፈች። ዝናብ ነበር" ይላል።
በቃ። ሉቃስ እስኪመለስ ቀኑ ሰው ይዘላል።

ዮሐንስ ገባ፣ ወጣ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ አለፉ።
የጳጉሜን አምስት ማግሥት እንቁጣጣሽ ነው፤
ልጆች አበባ ይዘው በደጁ ተሰለፉ።
የሚያለቅስበት ቀን የለውም።
"ባምስት አውጣው" አሉት ካህናቱ፣ "ተዝካሯን፤ ምን ቸገረህ?"
እሱ ግን ጸሐፊ ነው፤
ከሙት ላይ ቀኗን እንዴት ትነጥቃለህ?

ስለዚህ ጠበቀ።
"ነጠላዋን አጠብሁ።"
አራት ዓመት።
"ሳላስበው ስሟን ጠራሁ። ድመቷ ቀና አለች።"
አራት ዓመት።
"የሳቋ ድምፅ ጠፋኝ። ከየት ይጠየቃል?"
አራት ዓመት። እጁ ተንቀጥቅጧል፤
መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፦
"ዛሬ ምን ሆነ?"

ከዚህ በኋላ ምንም የለም።

እሱስ መቼ ሞተ? ሠፈሩን ዞሬ ጠየቅሁ።
"ክረምት ነበር" አሉ አንዷ፤ "ጭቃው ጫማዬን በላው፣ አውቃለሁ።"
"ኧረ በጋ ነው" አለ ባሏ፣ "አቧራ ነው ያፈርነው።"
የሁሉን ቀን የጻፈ ሰው
ቀኑን የጻፈለት አጣ።

ዘንድሮ ሉቃስ ነው። ነገ ስድስት።
ሥራ ፈትቼ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ መዝገቡን ከፈትሁ፤
ከጥያቄው ሥር ብዕሬን አስቀመጥሁ፣ አነሣሁ።
ቆርቆሮው አሁንም ያፈሳል። ከሥሩ ባልዲ ገፋሁ።