ቢጫ ብቻ

ቬንሴን፣ የፓሪስ ዳር፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ጣሪያው መስታወት ነው፤ ቁልቁል ያያል ሰማይ።
ሁለት መቶ ሴቶች ተደርድረው በረድፍ፣
ከአጉሊ መነጽር ሥር ሽፋሽፍታቸው ሲረግፍ፣
ጥፍር የሚያህል ምስል፣ ከጥፍርም የሚያንስ፣
ቀለም ያጠጡታል፣ ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ።

የቤቱ ሕግ አጭር፦ ለአንድ ሴት አንድ ቀለም።
ቀዩ የኦዲል ነው። ሰማያዊዋ የለችም፣
ዛሬ አልመጣችም፤ አርግዛ ታማለች።
ዜሊ ግን ቢጫ ናት። ሰባት ዓመት ሞላች
ቢጫ ብቻ ስትቀባ፦ የሻማ ነበልባል፣
የንግሥቲቱ ዘውድ፣ የእንቁላል አስኳል፣
ጠንቋዩ ሲሰወር የሚተፋው እሳት፣
የካርቶኗ ፀሐይ፣ ቅንድብ የሣሉላት።

ለአንዲት ደቂቃ ፊልም ሺህ ምስል ገደማ፤
ሺህ ጊዜ ትንፋሽ ያዝ፣ ቀለሙ እንዳይደማ።

ታሪኩን አታውቅም። ማን ከማን ተጣላ፣
ማን ማንን አፈቀረ፣ ማን የማንን በላ፣
ለእሷ የሚደርሳት ቢጫው ቦታ ብቻ፤
የቀረው ዓለም ግን ግራጫ፣ ግራጫ።

*

አንድ እሑድ ግን ሄደች። ከገበያው አደባባይ
ድንኳን ተተክሏል፤ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል እላይ።
ኤሉዋ አጠገቧ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ፤
ቀሚሷ ላይ ዐርፏል ጥፍሩ ቢጫ እጇ።

መብራት ጠፋ። ጨርቁ ላይ አንዲት ሴት ወጣች፤
የቀሚሷን እጅጌ እንደ ክንፍ ዘረጋች።
ቀዩ የኦዲል ነው፣ ከወገቧ በታች፤
ሰማያዊው የዚያች፣ ያረገዘችው ናት፤
ከትከሻዋ በላይ ቢጫ ሲነድባት
ዜሊ ጆሮው ላይ፦ «ያ'ኮ የእኔ እጅ ነው።»
ልጁ ግን አልሰማም፤ ሌላ ነው የገረመው፦
«እማ፣ ለምንድን ነው ቢጫው የሚዘለው?
ልብሷ ላይ አይቆምም፤ እንደ ንብ ነው ያለው!»

ያን ቀን አስታወሰች። ብርድ ነበር፤ ማክሰኞ፤
ይኸው ልጅ በትኩሳት እየቃዠ ተኝቶ፣
እሷ ከሥራዋ፣ መቅረት ስለማይቻል፤
እጇ ሲንቀጠቀጥ ቀለሙ ሾልኳል፣
ከመስመሩ ወጥቷል፣ ሰባት ምስሎች ላይ፣
ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ፣ ለልጅ ዓይን የሚታይ።

አልነገረችውም።
«ነፋስ ነው» አለችው።
ሰው ሁሉ አጨበጨበ ያንን ስሕተት አይቶ፤
ፍርሃቷ ነበረ፣ በአደባባይ በርቶ።

*

ከዚያ ማሽን መጣ፤ ሴቶቹ ተበተኑ።
ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወንዶቹ ተመዘኑ።
ኤሉዋም ተለካ፤ ካፖርትና ጫማ
ተሰጥቶት ተሳፈረ፣ ፉጨቱ ሲሰማ።

ፊልሙስ? ያረጀ ፊልም በኪሎ ተሸጠ፤
በርሜል ውስጥ ታጠበ፣ ፈላ፣ ቀለጠ፤
ብሩ ተለቀመ፣ ቀሪው ረግቶ ጠጠረ፣
ለወታደር ጫማ ተረከዝ ሆኖ ቀረ።
ይህን የነገረቻት ኦዲል ናት፣ ቀይ ቀቢዋ፤
ከፋብሪካው ገብታ በርሜል ማማሰል ነው ሥራዋ።
«ስናፈላው አረፋው ቢጫ ይላል አንዳንዴ፤
ያንቺ ይሆን?» አለቻት፣ «ያንቺ ይሆን እንዴ?»

ዜሊ መልስ አልሰጠች። ታያት የሻምፓኝ ጭቃ፣
ሌሊት የሚሄድ ሰልፍ፣ ዝናብ፣ ግማሽ ጨረቃ፣
ከልጇም ጫማ ሥር፣ እግሩን ባነሣ ቁጥር፣
ዳንሰኛዋ ተጣጥፋ፣ ክንፏን ልትዘረጋ ስትጥር።

*

ተመለሰ ልጇ፣ ከሁለት አንድ እግሩን ይዞ።
ሲኒማ ቤት ገባ፤ ፊልም ያዞራል፣ ምርኩዙን ተመርኩዞ።
አዲስ አዲስ ይመጣል። የበርሊኑን ሲያየው
ግድግዳው የዘመመ፣ ጥላው ሰው የሚበልጠው፤
የሞስኮው ደግሞ ሌላ፣ በመቀስ የተከተፈ፦
ፈረስ፣ የተከፈተ አፍ፣ ቡጢ፣ ዓይን ሳያርፍ ያለፈ።
«ጥበብ ማለት ይህ ነው!» ይላታል ኤሉዋ፤
«ይሁን» ትለዋለች፤ አይሞቃት፣ አይበርዳት እሷ።

እሷ ከኋላው ረድፍ፣ ጨለማው ውስጥ ሆና፣
ጥቁርና ነጭ ሻማ ከአንዱ ጥግ በራና፣
አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ጋር አጋጥማ
ትንፋሿን ትይዛለች፣
ቀለሙ እንዳይደማ።