አፍ የሌለው ወንዝ

ሁንዴ መቅዘፊያውን ከእንቦጩ ሥር ነቅሎ
ጀልባዋን አቆማት፣ «እዚህ ጋ ይሻላል» ብሎ።
እኔ ቱቦ ታቅፌ፣ ወገቤን በገመድ ታስሬ፣
አባ ሳሙኤል ላይ ቆሜአለሁ፣ ቦቲ ጫማ ተበድሬ።
ከወዲያ የግድቡ ግንብ፣ ከወዲህ የአቃቂ ሽታ፤
ትልቁና ትንሹ ወንዝ እዚህ ሲደርሱ፣ በዝምታ፣
ከተማውን ሙሉ ያዘሉትን ያራግፋሉ፤
ውሃው ያልፋል በግንቡ ላይ፣ ሸክሙ ይቀራል ከታች ሁሉ።

ቱቦውን ሰደድኩት፣ ጭቃው ውጦ እስኪይዘው፤
ሁንዴ «አንድ፣ ሁለት» አለ፤ ሦስት ሳይል ጎተትነው።
አንድ ሜትር ደለል ወጣ፣ የእናቴን ዕድሜ የሚበልጥ፣
በክር የሚቆረጥ፣ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት፣ የሚያዳልጥ።

ከላይ ጥቁሩ፦ የቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ የጋራዥ ዘይት፣
የፌስታል ጥብጣብ፣ አንድ ቁልፍ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅበት።
ዝቅ ሲል ቡናማው፦ ተገምሶ የታጠበ ዳገት።
ከዚያ በታች ቀይ አፈር፣ ሽታ የሌለው፣
ሁንዴ በጣቱ ነክቶት ብዙ ቆየ፣ ምንም ሳይለው።

ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በእርሳስ በተለበጠ ሳጥን፣
ማሽኑ ሌሊቱን ቆጠረ የእያንዳንዱን ቁራጭ ትንፋሽ።
ስልሳ ሦስተኛው ላይ ግራፉ ቀና አለ፣
እንደ ወተት ጥርስ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ግን የበቀለ።
ሲዚየም።
                እናቴ ገና ሳትወለድ፣ በሩቅ በረሃ
ሰዎች ቦምብ ሞከሩ፤ ያልተጠራንበት ጠብ፣ የማናውቀው ጉድ፤
አቧራው ሰማይ ለሰማይ ዞረ፣ ዞረ፣
በሐምሌ ዝናብ ወረደ፣ የማንም ገብስ ላይ አደረ።
ከደቃቅ ሸክላ ጋር ተጣበቀ፣ እንደ ቅጫም አለቅም አለ፤
ጎርፉ አፈሩን ሲያነሣ፣ አብሮ ተነሣ፣ አብሮ ታዘለ፣
ከማሳ ቦይ፣ ከቦይ ጅረት፣ እዚህ ድረስ እየተንከባለለ።

በየሠላሳ ዓመቱ ግማሹ ይከስማል፣
የቀረው ደግሞ ለሌላ ሠላሳ ይቀመጣል።
ለሁንዴ ስነግረው ሳቀ፦
«ዕዳ እንዲህ ቢሆን ኖሮ፣ ዝም ብለን በጠበቅነው።»
ክሮም ግን ግማሽ አያውቅም።
እርሳሱም አያውቅም።

ልጅ ሳለን «ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል» ተብለን ነበር።
አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ግን፣ አፋር ሲደርስ፣
ጨው ላይ ይተኛል እንጂ ባሕር አይደርስ።
ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው የሚሳሳምበት አፍ የለውም፤
ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ያለ ወንዝ ነው።
ሆዱ ግን አይፈጀውም።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከዳር፣ ወይዘሮ ዘርፈሸዋል
የውሃ ሞተራቸውን ገመድ እየሳቡ፦
«እህ፣ ምን አገኛችሁ?»
«የድሮ ቦምብ አቧራ፣ እማማ። ጥቂት ነው። ሰው አይጎዳም።»
«እሱን ማን ጠየቀሽ? ጎመኔስ?»

ሁለት እስር ገዛሁ። መልስ አልተቀበልኩም።
አልቀቀልኩትም፣ ለመጣልም እጄ አልታዘዘኝም፤
ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከጭቃው ጎን አስቀምጬ
ቁጥር ጻፍኩበት፦ ዘጠና አንድ፣ ጎመን፣ ቀኝ ዳር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሩቅ ለይተውኝ
«ጣፈጠሽ ወይ ልጄ?» አሉኝ።
አፌን ከፈትኩ።
ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁ ቀደመኝ፣
ውሃው ጥቁር ሆኖ፣ እየፈጠነ፣
ወደ መደቡ ገባ።