ጠብታ ቆጣሪው

ከይሩሃም ዳርቻ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣
አያ ሻረው አለ፣ ከፀሐይ ማልዶ።
ሁለት ዱናም ማሳ፣ የኪራይ፣ ጨዋማ፣
ዝናብን በስሙ አልፎ አልፎ የምትሰማ።

በጥቁሩ ቱቦ ጎን ይንበረከክና
ጨው የደፈነውን ቀዳዳ ያይና
በከንፈሩ ይዞ እፍ ይላል፣ እፍ ይላል፤
አንዲት ጠብታ ወጥታ አፈሩ ይጠቁራል።
«ውኃ እንዳይመስልህ» አለኝ ቀና ብሎ፣
«ትንፋሼን ይጠጣል በርበሬው፣ ቀን ውሎ።»

እኔ ከቆቦ ነኝ፤ ለትምህርት የመጣሁ፣
የጠብታን ሒሳብ በደብተር የቀዳሁ፦
ቧንቧው መቼ ይከፈት፣ በሰዓት ስንት ሊትር፣
ሥሩ የት ድረስ ጠጣ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር።

አባቴ ግን ትናንት በስልክ የነገረኝ
በየትኛው ገጽ ላይ እንደምጽፍ ጨነቀኝ።
«ሐምሌ ደረቅ አለፈ፤ ነሐሴ ዘግይቶ
የሦስት ወሩን ዝናብ ባንድ ሌሊት አምጥቶ፣
ጎሊና ሞላና ማሽላውን በላው፤
አፈሩንም ጭምር። ድንጋዩን ተወው።»

የቱቦውን ዋጋ ሻረውን ጠየቅሁት።
ነገረኝ። በልቤ በበሬ መነዘርሁት፤
አራት በሬ ሆነ።
አባቴ ያለው አንድ።

ሻረው ዝም አለና አስነሳ መኪናውን፣
ቁልቁል ተከተልን ደረቁን ዋዲውን።

እዚያ፣ ከሸለቆው ወገብ ጀምሮ እስከ እግሩ፣
ቁርጭምጭሚት የሚያህል ድንጋይ በየመስመሩ፤
ማን እንደደረደረው ስሙ የማይታወስ፣
ጎርፉን ቁጭ በል ብሎ ደለሉን የሚያስመልስ።
በስተኋላው ጭቃ፣ የተሰነጠቀ፣
አንድ የበለስ ግንድ፣ ሳያጠጡት የጸደቀ።

ከመስመሩ የወደቀ አንድ ድንጋይ አነሳ፣
ወደ ቦታው እየመለሰ ወገራን አወሳ፦
«አባቴ በሰው ርስት እርከን ክቦ ኖረ፤
አፈሩ ሲወፍር፣ ወጣ፣ ተባረረ።
ድንጋይ ጎርፍ ያቆማል። ጌታን አያቆምም።
ያባትህ ማሳ ግን ደብተር አለው፣ አይደለም?»

«አለው።»

«እንግዲያ ቱቦውን ለጊዜው እርሳው።
ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ጎርፉም መጪ ነው።
ሁለቱን አስተዋውቃቸው።»

ማታ ስደውልለት «ምን ተማርክ?» አለኝ።
አሥር ወር፣ አውሮፕላን፣ ያ ሁሉ ደብተር፤
«ድንጋይ መደርደር» ማለት እንደ ስድብ ሆነብኝ።
አልሁት ግን።
ዝም አለ።
በስልኩ ውስጥ ነፋስ ማሳውን ሲያቋርጥ ተሰማኝ።
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ቁመቱስ» አለ፣ «እስከ የት ነው? ንገረኝ።»