የማን ሰዓት?

አፉላ፣ ሐኪም ቤት፣ ፎቁ ሁለተኛ፤
ወንበሩ ሦስት ነው፣ ያለነውም እኛ፦
ዶክተር ኖጋ በዚያ፣ እርሳሷን ጨብጣ፣
አባባ ጀምበሬ፣ ጉልበታቸው ላይ ባርኔጣ፣
እኔ መሐል ሆኜ፣ በሰዓት ተከፍዬ፣
ቃል አሻግራለሁ፣ የራሴን ቃል ጥዬ።

«ሦስት ቃል ልስጥዎት፣ ቆይተው ይመልሱ፦
ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ሳንቲም። አደራ እንዳይረሱ።»

ፖም ስል ፈገግ አሉ።
ፖም የቀመሱት እዚህ፣ ሃምሳ ካለፋቸው፣
በሆቴል አዳራሽ፣ አንድ ልጅ ሰጥቷቸው፤
ልጣጩ ይበላ እንደሁ አፍረው ሳይጠይቁ፣
ኪሳቸው ከተቱት፤ ሦስት ቀን ጠበቁ።
በአራተኛው በሉት፣ ከነፍሬው ጭምር።
ይህንን ማን ጠየቀ? ፎርሙም ቦታ የለው፤
ነጥቡ የሚሰጠው ቃሉን ለመለሰው።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» «ጨረቃ ጎድላለች፤
ሲግድ ካለፈ ወዲህ ሁለቴ ሞልታለች።»
ተረጎምኩ። ዶክተር ኖጋ ቀን መቁጠሪያ አየች፣
ትንሽ አሰበችና ግማሽ ነጥብ ሰጠች።

«ፊደል ቆጥረው ያውቃሉ?» «ክር ቆጥሬያለሁ፤
የጥለቱን ዓይነት ዛሬም በጣቴ አያለሁ።»
«አልተማሩም» የሚል አንድ ሣጥን ሞላች፤
ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሌላ ሣጥን አጣች።

«ከመቶ ላይ ሰባት፣ ይቀንሱ ደጋግመው።»
አባባ ጀምበሬ ዐይናቸውን ገጥመው፣
አውራ ጣት ባንጓ ላይ፣ እንደ መወርወሪያ፣
ዘጠና ሦስት ወዲህ፣ ሰማንያ ስድስት ወዲያ፣
ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት… ቆሙ ድንገት።
«በኛ ዘንድ» አሉ፣ «ሰባተኛው ሰንበት
ሲደርስ ይታረፋል፤ ማን ይቀንስበት?»

ከዚያ ባዶ ክብ መጣ፣ ሰዓት ሊሣልበት።
በዕብራይስጥ አሥራ አንድ፣ ደቂቃውም አሥር፤
የኔ ምላስ ግን ያው ነው፣ ከጀምበር ጋር ሲቆጥር፣
«አምስት ካሥር» አለ ሳላስበው፣ ዱብ።
እርሳሱን አነሱ፣ አዩት ያንን ክብ።
«የማን ሰዓት?» አሉኝ። «የዚህ አገር ነው፣
ወይስ በስሜ የሚወጣው?»
መተርጎም እንጂ መመለስ አልተፈቀደልኝም።
ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም።
ትንሿን ቀስት አምስት ላይ ተከሉ።
ዶክተሯ ዜሮ ጻፈች፤ ክብ ከክብ አጠገብ።

«ኖጋ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ፤
«አእምሯቸው ልክ ነው፤ የተሳሳተ ካለ
ስድስት ሰዓት ነው፣ ከሁለት አገር መሐል።»
ዜሮውን አጠፋች፤ በቦታው ጥያቄ ምልክት በቅሏል።

«አሁን ሦስቱን ቃላት።» «ፖም» አሉ ወዲያው፤
«ሳንቲም» አሉ፣ ቀስ ብለው፤ ሌላኛው
አልመጣም።
ክርናቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤
መዳፋቸው እንጨቱን እንደ በቅሎ አንገት ይዳብሳል።
ዐይኔን ወደዚያ ጣልኩ። አዩኝ።
«አትንገረኝ» አሉ። «ከጠፋም ይጥፋ፣
በሰው ቃል ነጥብ አልሰበስብም።»
እዚህ ላይ በሰዓት አላመካኝም።

«ለመሆኑ አንተን ማን ይሉሃል?» «ማስረሻ።»
ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪርድ፣ እስከ መጨረሻ።
«ለማስታወስ ብመጣ ማስረሻ ላኩልኝ!
ደግሞስ ማንን ልታስረሳ ተወለድክ? ንገረኝ።»
«ምን አለ?» አለች ኖጋ። «ስሜን ጠየቁኝ» አልኳት።
የቀረውን በአማርኛ ዋጥኩት።

ወደ ሚግዳል ሃኤሜክ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣
ጭቃና አረንጓዴ በመስኮት ሲያልፍ፣ እኔ ሳላፈጥ፣
እናቴ ከኔ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች፤
ወንድ ይሁን ሴት እንጃ፤ ስሙን ይዛ ሄደች።
አርባ ዓመት ስጠራ፣ አቤት ስል በዚህ ስም፣
ማንን እንደሚሸፍን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።
ሦስቱ ቃል ግን እዚሁ ናቸው፦ ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ሳንቲም።
መልስ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።